«ማሪያ እንዳልናገር ከልክላኛለች»፦ የ1847ቱ ኮሜት ጉዳይ

ደብዳቤው አጭር ነው። የተጻፈው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ካለችው ከናንታኬት ደሴት ነው። የቀኑ ቦታ ላይ «10ኛ ወር፣ 3ኛ ቀን፣ 1847» ይላል። ጸሐፊው ዊልያም ሚቼል ይባላል፤ ማሪያ ልጁ ናት። ተቀባዩ የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ) ኃላፊ የነበረው ወዳጁ ዊልያም ክራንች ቦንድ ነው።

ፍሬ ነገሩ በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው። ማሪያ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከምሽቱ 4፡30 ላይ በቴሌስኮፕ የሚታይ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) አግኝታለች። በዚያ ሰዓት ከሰሜን ኮከብ ቀጥ ብሎ 5 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ነበር። ትናንት ማታ ወደ ምዕራብ ሄዷል። ዛሬም ጨምሮበት ወደ ዋልታው እየተጠጋ ነው። መብራት አይችልም። ቢሆንም ማሪያ ቦታውን ለክታ ይዛለች፤ እኔን ግን እንዳልናገር ከልክላኛለች። ከጆርጅ ግኝቶች አንዱ ከሆነ እባክህ ንገረኝ። ካልሆነም ሌላ ያየው ሰው ካለ አሳውቀኝ። እሷ «የቆየ ወሬ ይሆናል» ባይ ናት። ከተመቸህ አንድ ሁለት መስመር ጻፍላት።

ጆርጅ የቦንድ ልጅ ነው፤ እሱም እንደ አባቱ ሰማይ ሲያስስ የሚያድር ነበር። ወሩ በቁጥር መጻፉ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ሚቼሎች ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን አባላት ነበሩ። ኩዌከሮች የወራት ስሞች የጣዖት ሽታ አለባቸው ብለው በቁጥር ይጽፉ ነበር። አንቱታም አይወዱም ነበር፤ ሹሙንም ሎሌውንም «አንተ» ይሉት ነበር። (እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር አያቴ ፊት አንድ ኩዌከር ቆሞ ይታየኛል።)

እንግዲህ ይህች ወረቀት የምሥራች አይደለችም። አቤቱታም አይደለችም። አባት በልጁ ኩራት ከብዶት፣ እሷ «ዝም በል» እያለችው፣ በጎን ለወዳጁ ሹክ ያለባት ማስታወሻ ናት። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የዴንማርክ ንጉሥ የወርቅ ሜዳሊያ የተሰጠው በዚህች ወረቀት ነው። እንዴት እንደሆነ ለማየት ከጣሪያው መጀመር ይሻላል።

ሚቼሎች የሚኖሩት ፓሲፊክ ባንክ በሚባል የጡብ ሕንፃ ውስጥ ነበር። አባትየው የባንኩ ገንዘብ ያዥ ነው። ጣሪያው ላይ ቴሌስኮፕ ተክሏል። ናንታኬት ያኔ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ደሴት ነበረች፤ መርከቦቿ ለዓመታት ባሕር ላይ ይቆዩ ነበር። መርከበኛ ያለበትን ለማወቅ የማይዛነፍ ሰዓት ያስፈልገዋል። የሰዓቱን ልክ የሚፈትሹለት ደግሞ ከዋክብት ናቸው። አባትየው የመርከብ ሰዓት በከዋክብት ያስተካክል ነበር። ማሪያም በ12 ዓመቷ፣ በ1831፣ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ሰከንድ እየቆጠረች አግዛዋለች። እዚያ ደሴት ላይ ሰማይ ማየት የሥራ ጉዳይ ነበር።

በ1847 ማሪያ 29 ዓመቷ ነው። የደሴቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ባለፈው ዓመት ከተማዋን ካወደመው ቃጠሎ ጋር አብሮ ነድዶ ነበር። ባንኩ ግን ተረፈ።

ኦክቶበር 1 ቀን ማታ ቤቱ ውስጥ እንግዶች ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 1840 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የግሸን ማርያም ዕለት። ማሪያ እንደ ልማዷ ከእንግዶቹ መሐል ሹልክ ብላ ወደ ጣሪያው ወጣች። ሰማዩን በትንሽ ቴሌስኮፕ ቀስ እያለች ታስሳለች። ሥራው ትዕግሥት ነው፤ እህል እንደመልቀም ነው። ከሰሜን ኮከብ በላይ፣ ምንም መኖር በሌለበት ቦታ፣ ብዥ ያለ ነገር አየች።

5 ዲግሪ ስንት እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ፦ ክንድን ዘርግቶ ሦስቱን መካከለኛ ጣቶች ማጋጠም ነው። የጣቶቹ ስፋት ወደ 5 ዲግሪ ነው። ናንታኬት ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 41 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከአዲስ አበባ የሚያየው ሰው ግን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚያገኘው፤ ከእንጦጦ ሸንተረር ብዙም ከፍ አይልም።

ኮሜትን እኛ ጅራታም ኮከብ እንለዋለን። ይሄኛው ግን በዚያ ሰዓት ለዓይን የሚሞላ ጅራት አልነበረውም። የጥጥ ቁራጭ የመሰለ ነገር ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ ጥጥ የሚመስሉ፣ ግን ከቦታቸው የማይነቃነቁ ብዙ ነገሮች አሉ። ኮሜት መሆኑን የሚያጋልጠው መንቀሳቀሱ ነው። ለዚያ ሁለተኛ ሌሊት ያስፈልጋል። ማሪያ ወርዳ ለአባቷ ነገረችው። እሱ ወጥቶ አየና ያለ ማመንታት «ኮሜት ነው» አለ። እሷ ግን እስክናረጋግጥ ዝም እንበል አለች።

ደብዳቤው ላይ «መብራት አይችልም» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በዚያን ጊዜ የሰማይ አካልን ቦታ ለመለካት ቴሌስኮፑ ማያ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ይወጠራሉ። ብዙ ጊዜ የእውነት የሸረሪት ድር ናቸው። ኮከቡ ከክሩ ጋር የሚገጥምበት ቅጽበት በሰዓት ይያዛል። ችግሩ ክሮቹ በጨለማ አይታዩም። ስለዚህ በትንሽ መብራት ማያው ውስጥ ወጋገን ይገባል። ደማቅ ኮከብ ይህን ይቋቋማል። ደካማ ኮሜት ግን ክሩ ሲታይ እሱ ይጠፋል፤ እሱ ሲታይ ክሩ ይጠፋል። ልጅቱ እንዲህ ያለውን ነገር ለክታለች ማለት ነው። በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አባትየው ለቦንድ ያለው ይህን ነው። ቦንድ ባለሙያ ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በእነዚያ ቀናት አየሩ ክፉ ነበር። ፖስታው ከደሴቲቱ ወዲያው አልወጣም። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን 3 የሆነው ለዚህ ነው። አስታውሱት፤ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ አውሮፓ። በ1831 የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬደሪክ 6ኛ ለኮሜት አግኚዎች የወርቅ ሜዳሊያ አቆመ። ዋጋው 20 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም)። ሽልማቱን የሚያስፈጽመው ሃይንሪኽ ክርስቲያን ሹማኸር ነው። ሹማኸር ያኔ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር በነበረችው አልቶና ከተማ ተቀምጦ ከ1821 ጀምሮ «አስትሮኖሚሼ ናኽሪኽተን» የሚባለውን የሥነ ፈለክ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። መጽሔቱ በአብዛኛው በደብዳቤ የተሞላ ነው። አንዱ ከሮም ይጽፋል፣ ሌላው ከለንደን፣ ሹማኸር ያትመዋል። ዛሬ የዋትስአፕ ግሩፕ አስተዳዳሪ የምንለውን ሥራ በላባ ብዕርና በማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ሜዳሊያው ደንብ አለው። ኮሜቱ ሲገኝ በባዶ ዓይን የማይታይ መሆን አለበት። የሚመላለስበት ጊዜ የታወቀም መሆን የለበትም። በአውሮፓ አህጉር የሚኖር አግኚ ለሹማኸር ይጽፋል። በብሪታንያ ወይም በሌላ የዓለም ክፍል ያለ ደግሞ በቀጥታ ለንደን ላለው ሰው ያሳውቃል፤ በ1847 ያ ሰው የግሪኒቹ የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ኃላፊ ጆርጅ ኤሪ ነበር። አሁን ጥርስ ያለው አንቀጽ ይመጣል። ማስታወቂያው ከግኝቱ በኋላ በሚነሳው በመጀመሪያው ፖስታ መላክ አለበት። መደበኛ ፖስታ ከሌለ ባገኘው መንገድ ይላክ። ሌላ ምልከታ መጠበቅ አይቻልም። ይህን በትክክል መፈጸም የግድ ነው ይላል። «ሁለተኛ ሌሊት እስካይ ብዬ ነው» የሚል ምክንያት ተቀባይነት እንደሌለውም ለብቻው ጽፎታል። ደብዳቤው ደግሞ የታየበትን ሰዓት፣ ቦታውንና የሚሄድበትን አቅጣጫ መያዝ አለበት። ሹማኸርና ኤሪ ካልተስማሙ የጎቲንገኑ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ይፈርዳል።

ደንቡን ሳነበው መጀመሪያ ተናደድኩ። የሚቀጣው ጥንቃቄን ነው። ማሪያ ያደረገችው ማንኛውም ጥሩ ተመራማሪ የሚያደርገውን ነው፤ ላረጋግጥ አለች። ደንቡ ደግሞ «ሳታረጋግጥ ተናገር» ይላል። ቆይቼ ሳስበው ግን የደንብ አውጪዎቹ ነገርም ገባኝ። ያኔ በአትላንቲክ ሥር የቴሌግራፍ ገመድ የለም። ከቦስተን እንግሊዝ ደብዳቤ በእንፋሎት መርከብ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ሰው «እኔ እኮ በዚህ ቀን አይቼው ነበር» ብሎ ከወር በኋላ ቢመጣ ማን ያጣራዋል? ማስታወሻ ደብተር ላይ ቀን መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። የፖስታ ማህተም ግን ባለቤቱ እንዳሻው አይመታውም። ንጉሡ የሚሸልመው ዓይንን ነው፤ የሚያምነው ግን ፖስታ ቤትን ነው።

ኦክቶበር 3 ማታ፣ አባትየው ደብዳቤውን በጻፈበት ዕለት፣ ሮም ውስጥ ኮሌጂዮ ሮማኖ በሚባለው የኢየሱሳውያን ኦብዘርቫቶሪ አባ ፍራንቼስኮ ዴ ቪኮ ያንኑ ኮሜት አየ። ሰዓቱ ከምሽቱ 1፡30 ነው። ዴ ቪኮ ጀማሪ አይደለም። ከዚያ በፊት በርካታ ኮሜቶች አግኝቷል፤ መንገዱን ያውቀዋል። ለሹማኸር ጻፈ። ኦክቶበር 7 ቀን እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ዶስ አየው። ኦክቶበር 11 ቀን ደግሞ ሃምቡርግ ላይ ማዳም ሩምከር አየችው። እሷ የሃምቡርግ ኦብዘርቫቶሪ ዳይሬክተር ባለቤት ናት፤ እሷም በራሷ ዓይን ነው ያገኘችው። አልቶና ያኔ ከሃምቡርግ አጠገብ ያለች ከተማ ነበረች፤ ለሹማኸር ደብዳቤ መላክ አያስፈልጋትም፣ በእግሯ ሄዳ መንገር ትችላለች። የቀደሟት ሦስት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነበር።

አውሮፓ ያለው መዝገብ ስለዚህ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ያየው ዴ ቪኮ፣ መጀመሪያ ያሳወቀውም ዴ ቪኮ። ናንታኬት የሚባል ቦታ እዚያ መዝገብ ላይ የለም። የማሪያ ኮሜት ያለው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ ቦንድ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገሩን ያነሳው ኤድዋርድ ኤቨረት ነው። ኤቨረት በ1848 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ነበር። ከዚያ በፊት ለንደን ላይ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ አራት ዓመት ቆይቷል። ማለትም ለማን እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ነገሩን ከቦንድ ሰማ፤ ሜዳሊያውን አስታወሰ። በጃንዋሪ 1848፣ ግኝቱ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ፣ ለአውሮፓ መጻፍ ጀመረ።

ክርክሩ ምን ላይ እንደቆመ ልብ በሉ። ማሪያ ለኤሪ አልጻፈችም። አባቷም አልጻፈም። በደንቡ ፊደል ከሄድን ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። ኤቨረት በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ የአባት ማስታወሻ። እንግዲህ ማስታወሻዋን ከደንቡ ጎን አስቀምጡና እዩ። የታየበት ሰዓት አለ፦ 4፡30። ቦታው አለ፦ ከሰሜን ኮከብ በላይ 5 ዲግሪ። አቅጣጫው አለ፦ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዋልታው። ቀኑ አለ። ደሴቲቱን ማዕበል ይዟት ስለነበር ፖስታው ዘግይቶ ወጣ እንጂ፣ ደብዳቤው መጀመሪያ በተነሳው ፖስታ ሄዷል። ባለሙያ ለሆነ የውጭ ሰው ነው የተላከው። አባትየው ሜዳሊያ ሲያስብ የጻፈው አይደለም፤ የሚያሳየውም ያ ነው። ሽልማት የሚፈልግ ሰው «የቆየ ወሬ ይሆናል» ብሎ አይጽፍም። ደንቡ የሚጠይቀው ሁሉ ሳይታሰብ ተሟልቷል። የጎደለው አድራሻው ነው። ግሪኒች መሄድ የነበረበት ካምብሪጅ ሄደ።

ኤቨረት የተከራከረው በዚህ ነው። ደንቡ የሚፈልገው ግኝቱ በጊዜው፣ በማይካድ ሁኔታ፣ ከአግኚው እጅ መውጣቱን ነው፤ ይህ ደግሞ ሆኗል የሚል ነው።

እኔ ዳኛ ብሆን ምን እፈርድ ነበር? እውነቱን ለመናገር ይከብደኛል። ዴ ቪኮ ያጠፋው ነገር የለም። የተባለውን አደረገ፤ በተባለው ጊዜ አደረገ። ለአንዱ አንቀጹን ካላላህ ነገ ሁሉም ሰው «እኔም ለጎረቤቴ ነግሬ ነበር» ብሎ ይመጣል። በሌላ በኩል ግን የደንቡ ዓላማ ማን መጀመሪያ እንዳየ ማወቅ ከሆነ፣ ያ ታውቋል። ኦክቶበር 1 ከኦክቶበር 3 ይቀድማል። የተጻፈው ወረቀትም በዚያው ሰሞን ቦንድ እጅ ደርሷል።

ጊዜው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚመች አልነበረም። የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 8ኛ በጃንዋሪ 1848 ሞተ። ልጁ ፍሬደሪክ 7ኛ ነገሠ። በጸደዩ አልቶና ያለችበት የሆልሽታይን ግዛት በዴንማርክ ላይ ተነሳና ጦርነት ሆነ። ሹማኸር እንግዲህ የንጉሡ ሰው ሆኖ በዐመፀኞቹ አገር ተቀምጧል። ዴ ቪኮም በሮም የነበረው ግርግር አልቀረለትም። በዚያው ዓመት ኢየሱሳውያን ከሮም ሲባረሩ አብሮ ወጣ፤ አሜሪካ ደረሰ፤ በኖቬምበር 1848 ለንደን ውስጥ ሞተ። ያን ሁሉ ጊዜ ደብዳቤዎቹ ይመላለሱ ነበር። ከካምብሪጅ ወደ አልቶና፣ ወደ ለንደን፣ ኮፐንሃገን ወዳለው የአሜሪካ ተወካይ፣ ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ። የሹማኸር አስተያየት ተጠየቀ። በመጨረሻም ንጉሡ ሜዳሊያው ለማሪያ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ሜዳሊያው ላይ በላቲን የተቀረጸው «የከዋክብትን መውጣትና መግባት በከንቱ አንጠብቅም» የሚል ነው። የሹማኸርና የኤሪ ደንብ ሥራው የሚጀምረው ግን ከጥበቃው በኋላ ነው።

ማሪያ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በአንድ ዓመት ደብዳቤ ታወቀች። በ1848 የአሜሪካ የኪነ ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ መረጣት፤ ለሴት የመጀመሪያው ነበር። የምስክር ወረቀቱ ቅጽ ግን ለወንድ የታተመ ነው። የአካዳሚው ጸሐፊ የነበረው የዕፅዋት ሊቁ ኤሳ ግሬይ «ፌሎ» (ሙሉ አባል) የሚለውን ቃል ሰረዘና «የክብር አባል» ብሎ በእጁ ጻፈበት። በ1849 ለአሜሪካ የባሕር አልማናክ (የሰማይ አካላትን ቦታ ለመርከበኞች የሚያሳይ ዓመታዊ መጽሐፍ) የቬነስን እንቅስቃሴ እንድታሰላ ተቀጠረች፤ በዓመት 300 ዶላር። በ1865 ቫሳር ኮሌጅ ሲከፈት የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆና ገባች።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጉዞ አለ። በ1857 እና በ1858 አውሮፓን ዞረች። ግሪኒች ሄዳ ኤሪን አገኘችው፤ ያ ደብዳቤ በቀጥታ ሊደርሰው ይገባ የነበረውን ሰው። ሮምም ሄደች። ዴ ቪኮ ኮሜቱን ያየበት ኮሌጂዮ ሮማኖ ያን ጊዜ በአባ አንጄሎ ሴኪ እጅ ነበር። ማየት ፈለገች። ኦብዘርቫቶሪው ገዳምም ስለነበር ሴት አይገባም ነበር። በመላው አውሮፓ በእውቀቷ የተከበረችው ሜሪ ሶመርቪል እንኳ አልተፈቀደላትም ነበር። ማሪያ ግን ሰው በሰው አስጠየቀች፤ ከቤተ ክህነቱ ሹማምንት ዘንድ ፈቃድ ተገኘላት።

ገባች። ሴኪ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አሳያት። በዚያ ትልቅ ቴሌስኮፕ ኔቡላ የሚባሉትን የሰማይ ደመናዎች ለማየት ጓጉታ ነበር። ፀሐይ እየጠለቀች ሳለ ግን ፈቃዱ ከቀን ብርሃን እንደማያልፍ በትህትና ተነገራት። በሩ ድረስ ሸኟት፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን እንድትሄድ ነገሯት። ከዋክብቱ ሊወጡ ሲሉ እሷ ወደ ማረፊያዋ ሄደች።